የኮረንቲን ኃይል የመዘነው ሊቅ፤ የአንድሬ ማሪ አምፔር የሕይወት ታሪክ

በየቤታችን በር አጠገብ በተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ ላይ፣ በፊውዙም ላይ፣ በስልክ መሙያውም ላይ ሳይቀር ከአንድ ቍጥር ቀጥሎ የላቲን የመጀመሪያ ፊደል ተጽፋ ትገኛለች። ፊደሏ የምትነበበው አምፔር ተብላ ነው። እኛ ተማሪዎችም በፊዚክስ ክፍል ይህ ሽቦ ሁለት አምፔር ይሸከማል፣ ያኛውን ፊውዝ አምስት አምፔር ያቀልጠዋል እያልን ስንናገር፣ ቃሉን እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ ያለ የመለኪያ ስም ብቻ አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገር ግን አምፔር የሰው ስም ነው። ሰውዬውም በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሳይቀመጥ የተማረ፣ በወጣትነቱ አባቱን በሞት ፍርድ፣ ሚስቱን በበሽታ የተነጠቀ፣ ዕድሜው አርባ አምስት ዓመት ከሆነ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ አዲስ የሳይንስ ክፍል የከፈተ ፈረንሳዊ ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማቅረብ እወዳለሁ። ዘመኑና ወሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

አንድሬ ማሪ አምፔር ጃንዋሪ 20 ቀን 1775 በሊዮን ከተማ ተወለደ። ሊዮን በዚያ ዘመን በሐር ሥራና ንግድ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ አባቱ ዣን ዣክ አምፔርም የሐር ነጋዴ ነበር። ቤተሰቡ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ፖሌሚዩ በምትባል መንደር ቤትና መሬት ስለ ነበረው ልጁ ያደገው በገጠር ነው። አባቱ የፈላስፋው የሩሶን የልጅ አስተዳደግ ሐሳብ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት አልሰደደውም፤ መምህር ቀጥሮም በአርጩሜ አላስገረፈውም። የቤቱን የመጻሕፍት ሣጥን ከፍቶ የወደደውን እንዲያነብ ፈቀደለት እንጂ።

ልጁ ገና ፊደልና አኃዝ ሳይለይ በጠጠርና በባቄላ ፍሬ ረጅም ስሌት ያሰላ ነበር ይባላል። አንድ ጊዜ ታሞ በተኛ ጊዜ እናቱ አእምሮው እንዳይደክም ብላ ጠጠሮቹን ስለ ወሰደችበት፣ ከሦስት ቀን ጾም በኋላ እንዲበላ የተሰጠውን ብስኩት ቈራርሶ የስሌት መቍጠሪያ እንዳደረገው ይነገራል። ከፍ ካለ በኋላም ዲዴሮና ዳላምቤር ያሳተሙትን ብዙ ክፍል ያለውን ታላቅ የዕውቀት መዝገብ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ በተራ አነበበው። ሸምግሎ ሳለ እንኳ ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጋሻና ጦር ምልክቶች ወይም ስለ አሞራ አደን የተጻፈውን በቃሉ ይወጣው ነበር ይሉታል። የታላላቆቹን የሒሳብ ሊቃውንት የኦይለርንና የቤርኑሊን መጻሕፍት በሊዮን ቤተ መጻሕፍት በጠየቀ ጊዜ የተጻፉት በላቲን መሆኑ ተነገረው። እሱም ወደ ቤቱ ተመልሶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ላቲን ተማረና መጻሕፍቱን ሊያነብ መጣ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ለሊዮን አካዳሚ የሒሳብ ጽሑፍ አቀረበ።

ይህ ዓይነት አስተዳደግ ለሁሉ ይበጃል ለማለት አልደፍርም። ለአባትየው የተሳካለት ልጁ አምፔር ስለ ሆነ ይመስለኛል። እኛ በዚህ መንገድ ብንለቀቅ ምን ምን እንደምናነብ መምህሮቻችን ሳይገምቱት አይቀሩም።

በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ። አባቱ በዚህ ጊዜ በሊዮን የሰላም ዳኛ፣ በእኛ አነጋገር የአጥቢያ ዳኛን የመሰለ ሹመት ተቀበለ። በ1793 የሊዮን ሕዝብ በፓሪስ ባለው የአብዮት መንግሥት ላይ ዐመፀ፤ በከተማው የነበረው የያኮብያን ወገን መሪ ሻልዬም ተይዞ በሞት ተቀጣ። በዚህ ሰው ጕዳይ ላይ የአምፔር አባት በዳኝነቱ እጁ ነበረበት። የመንግሥቱ ጦር ከተማይቱን ከብቦ ሁለት ወር ያህል ከተዋጋ በኋላ ሊዮን በኦክቶበር ወር እጇን ሰጠች። ብዙዎች ሊሸሹ ሲሞክሩ ዳኛው በሹመቱ ቦታ ተገኝቶ ተያዘ፤ በኖቬምበር ወር 1793 በጊዮቲን አንገቱ ተቈረጠ። ከመሞቱ በፊት ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ የንብረቱንና የዕዳውን ነገር ከዘረዘረ በኋላ፣ ልጁን በሚመለከት ከዚህ ልጅ የማይጠብቀው ታላቅ ነገር እንደሌለ አስታወቃት።

ልጁ በዚያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ይህም የእኔና የብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ ዕድሜ ነው። የአባቱን ሞት በሰማ ጊዜ አእምሮው የደነዘዘ መሰለ። አንድ ዓመት ያህል ከሰው ጋር የረባ ቃል ሳይለዋወጥ፣ ሰማይን እያየና አሸዋ በትንሽ በትንሹ እየከመረ እንደ ሕፃን ይውል ነበር። ሒሳቡንም ጣለው። የቤቱ ሰዎች ተስፋ በቈረጡበት ሰዓት አንድ ቀን ሩሶ ስለ ዕፀዋት ዕውቀት የጻፋቸው ደብዳቤዎች በእጁ ገቡ። እነሱን አንብቦ በመስክና በደን እየዞረ ቅጠልና አበባ መልቀም ጀመረ፤ ከዚያም የላቲን ግጥም ማንበብ ቀጠለ፤ እንዲህ እያለ ጥቂት በጥቂት ወደ ሰው ተመለሰ። አባቱ የከፈተለት የመጻሕፍት ሣጥን ከሞተ በኋላም ልጁን አዳነው ማለት ነው።

በ1796 ዡሊ ካሮን የምትባል በዚያው አካባቢ የምትኖር ልጃገረድ አገኘና ወደዳት። የት እንዳያትና ምን እንደ ነገረችው በየቀኑ በደብተር ይጽፍ ነበር። እሷና ዘመዶቿ ግን ሥራና ገቢ የሌለው፣ አለባበስና አነጋገር የማያውቅ ሰው ስለ ሆነባቸው ብዙ ጊዜ አመነቱ። እሱም ወደ ሊዮን ሄዶ የሒሳብ ትምህርት ለግል ተማሪዎች በማስተማር ገንዘብ ማግኘት ስለ ጀመረ በኦገስት ወር 1799 ተጋቡ። በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ በአያቱም ስም ዣን ዣክ ተባለ። ዡሊ ግን ከወለደች በኋላ ጤናዋ ተመልሶ አልጸናም።

በ1802 አምፔር ከሊዮን ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡርግ ከተማ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ ተሾመ። ሚስቱ ታማ ስለ ነበረ ልትከተለው አልቻለችም። በዚያ ዘመን መንገድ ይህ ርቀት ቀላል አልነበረም። ባልና ሚስቱ በደብዳቤ ብቻ ይገናኙ ጀመር፤ እሷም በኬሚስትሪ ሥራ ላይ ሳለ ልብሱን በአሲድ እንዳያቃጥለው በየደብዳቤዋ ትመክረው ነበር። ከባድ ሥራ ወደሚያገኝበት ወደ ሊዮን ለመመለስ ስሙ መታወቅ ስላለበት፣ ስለ ቍማር የሒሳብ ሕግ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም ውስጥ ከመጣው ሰው ሁሉ ጋር ያለማቋረጥ የሚጫወት ቍማርተኛ፣ ጨዋታው እኩል ቢሆንም እንኳ፣ በመጨረሻ ሀብቱን ማጣቱ የማይቀር መሆኑን በሒሳብ አስረዳ። መጽሐፉ በሊቃውንት ዘንድ ታየለት፤ በ1803ም በሊዮን አዲስ በተቋቋመው ትምህርት ቤት ቦታ አገኘ። ወደ ሚስቱ በተመለሰ በጥቂት ወራት፣ ጁላይ 13 ቀን 1803 ዡሊ ሞተች። ለአራት ዓመት ትዳር አንዱን ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ተለያይተው ኖሩ፤ ያም የሆነው አብሮ ለመኖር የሚያበቃ ደመወዝ ለማግኘት ነበር። አምፔር በደብዳቤዎቹ ይህን ጊዜ በጸጸት እያነሣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልረሳውም።

ሊዮን ከዚያ በኋላ አስጠላችው። በ1804 ወደ ፓሪስ ሄዶ በታወቀው በኤኮል ፖሊቴክኒክ ረዳት የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1806 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ ጋብቻው ግን ከመጀመሪያው የተበላሸ ስለ ነበረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፤ ከእርሷም የተወለደችውን አልቢን የተባለችውን ሴት ልጅ እሱ ወስዶ አሳደጋት። በ1808 የትምህርት ቤቶች ጠቅላላ ኢንስፔክተር፣ በ1809 ፕሮፌሰር፣ በ1814 ደግሞ የፈረንሳይ ሳይንስ ተቋም አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ስለ ጋዞች ያቀረበው ሐሳብ ኢጣልያዊው አቮጋድሮ በ1811 ካወጣው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ይህ ሁሉ በቂ ዝና ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስሙን በቆጣሪያችን ላይ አናነበውም ነበር።

በፓሪስ ስለ ዝንጉነቱ ብዙ ተረት ተወርቶበታል። በመንገድ ላይ የቆመውን ሠረገላ ጀርባ ጥቍር ሰሌዳ መስሎት በጠመኔ ስሌት ሲጽፍበት ሠረገላው ስለ ተነሣ ስሌቱን ለመጨረስ ተከትሎ ሮጠ ይባላል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ያጸዳበትን ጨርቅ እንደ መሐረብ ወደ ኪሱ ይከተው ነበር ይባላል። ከንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ጋር ራት እንዲበላ ተጠርቶ መሄዱን ረሳ የሚሉም አሉ። ተማሪዎች ስለ መምህሮቻቸው የሚያወሩት ነገር በየአገሩ ስለሚመሳሰል ሁሉንም እንዳለ ማመን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከ1800 በፊት ሰው የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ብርጭቆ ወይም ሙጫ ሲታሽ የሚገኘውን፣ ቶሎ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ነበር። በ1800 ኢጣልያዊው ቮልታ የዚንክና የብር ወይም የመዳብ ዝርግ እያፈራረቀ፣ በመካከላቸው በጨው ውኃ የራሰ ጨርቅ እያስገባ ደራርቦ የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። የባትሪው ሁለት ጫፍ በሽቦ ሲገናኝ ኮረንቲ ሳያቋርጥ ይፈሳል። መዳብና ሌሎችም ብረታ ብረቶች ኮረንቲን በደንብ እንደሚያስተላልፉ፣ ብርጭቆ፣ ሐርና ሙጫ ግን እንደማያስተላልፉ የታወቀ ነበር። ስለ ሽቦው ራሱ ግን ብዙ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ሽቦ ማለት ለኮረንቲ እንደ ውኃ ቦይ ያለ መንገድ ነው፣ የሚሠራውም ነገር ቢኖር በውስጡ ነው፣ ከቦዩ ውጭ ምንም የለም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ማግኔት ደግሞ ለብቻው የሚታይ ሌላ ዕውቀት ነበር። ታላቁ ፈረንሳዊ ኩሎም ኤሌክትሪክና ማግኔት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ስላስተማረ በፓሪስ ይህን የሚጠራጠር ጥቂት ነበር። አምፔር ራሱም በወጣትነቱ የዚህ ትምህርት ተከታይ ነበር።

በ1820 የዴንማርኩ ሊቅ ኧርስቴድ በኮፐንሃገን ኮረንቲ የሚያልፍበትን ሽቦ ወደ ኮምፓስ መርፌ ቢያቀርብ መርፌው ከሰሜን አቅጣጫው ዞረ። ኮረንቲው ሲቋረጥ መርፌው ተመለሰ። ኧርስቴድ ይህን ጁላይ 21 ቀን በላቲን ጽፎ ለየአገሩ ሊቃውንት ላከ። የሚያስደንቀው የመርፌው መዞር ብቻ አልነበረም። እስከዚያ ዘመን የታወቀው ኃይል ሁሉ ወይ ይስባል ወይ ይገፋል፤ ይህ ኃይል ግን መርፌውን ወደ ሽቦው አላቀረበውም፣ ከሽቦውም አላራቀውም፤ አግድም አዞረው እንጂ። በሽቦው ዙሪያ አንድ የሚዞር ነገር ያለ ይመስል ነበር።

ፈረንሳዊው አራጎ ሙከራውን በጄኔቭ ሲደገም በዓይኑ ስላየ በሴፕቴምበር 4 ቀን ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ነገረ። አባሎቹ አላመኑትም። እንግዲያው ዕዩ ብሎ በሳምንቱ፣ በሴፕቴምበር 11 ቀን፣ በፊታቸው ሠርቶ አሳያቸው። ከተቀመጡት መካከል አምፔር ነበረ። ወደ ቤቱ ሄዶ በሰባት ቀን ውስጥ የሚሠራውን ሠርቶ፣ በሴፕቴምበር 18 ቀን የመጀመሪያ ጽሑፉን በአካዳሚው ፊት አነበበ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንቶችም በተከታታይ አዲስ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣ ጀመር።

በመጀመሪያ ያየው ነገር የኮምፓሱ መርፌ ሁለት ጌታ ያለው መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ ሽቦው፣ አንድ ጊዜ መሬት ይስበዋል። ስለዚህ የመሬት ማግኔትነት እንዳያናውጠው አድርጎ መርፌውን ቢያዘጋጅ፣ መርፌው ከሽቦው ጋር ልክ መስቀለኛ ሆኖ ቆመ። አቅጣጫውንም ለማስታወስ እንዲህ የሚል ዘዴ አወጣ፤ በሽቦው ላይ የተጋደመ ሰው አለ እንበል፤ ኮረንቲው በእግሩ ገብቶ በራሱ ይወጣል፤ ሰውዬው ፊቱን ወደ መርፌው ቢያዞር የመርፌው ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ሰውዬው ግራ ይሄዳል። እኛ ዛሬ በቀኝ እጃችን አውራ ጣት የምንማረው ሕግ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። መርፌውን በሽቦው ላይ ብቻ ሳይሆን በባትሪው ላይ አድርጎም ስለ ሞከረ፣ ኮረንቲው በባትሪው ውስጥ ጭምር እየዞረ አንድ ሙሉ ክብ እንደሚሠራ አስረዳ። የኤሌክትሪክን ግፊትና የኤሌክትሪክን ፍሰት ለይቶ ለሁለቱም የየራሳቸውን ስም የሰጠው እሱ ነው። ዛሬ በፈተና ቮልትን ከአምፔር ጋር የሚያምታታ ተማሪ ከአምፔር በፊት ወደ ነበረው ዘመን ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ግኝቱ ከሁሉ ይበልጣል። ኮረንቲ ያለበት ሽቦ በማግኔት ላይ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ፣ ሁለት ሽቦዎች ያለ ምንም ማግኔት እርስ በርሳቸው ምን ያደርጋሉ ብሎ ጠየቀ። በመጀመሪያ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለሉ ሽቦዎችን፣ ቀጥሎም ቀጥ ያሉ ሽቦዎችን ጐን ለጐን አደረገ። አንደኛው ሽቦ የማይነቃነቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን በቀላሉ እንዲወዛወዝ ሆኖ የተንጠለጠለ ነው። በሁለቱም ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሽቦዎቹ ተሳሳቡ፤ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄድ ተገፋፉ። ይህ በቆመው ኤሌክትሪክ ላይ ከሚታየው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በዚያ አንድ ዓይነቶቹ ይገፋፋሉ፣ በዚህ ግን አንድ አቅጣጫ የያዙት ይሳሳባሉ። እዚህ የሚሳሳቡት ሽቦዎች ብረት እንኳ አይደሉም፤ ማግኔት ፈጽሞ የማይስበው መዳብ ናቸው። እንግዲህ ኃይሉ የሽቦው ሳይሆን በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ከአካዳሚው ሰዎች አንዱ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሁለት ነገሮች እያንዳንዳቸው በማግኔት ላይ ኃይል ካላቸው እርስ በርሳቸውም ኃይል መኖሩ የታወቀ ነው ብሎ ሊያሳንሰው ሞከረ ይባላል። አራጎ ከኪሱ ሁለት የብረት ቍልፍ አውጥቶ፣ እነዚህ ሁለቱም እያንዳንዳቸው ማግኔትን ይስባሉ፣ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ለምን አይሳሳቡም ብሎ መለሰለት። በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚሻል መልስ የለም። በሐሳብ የሚገመትና በሙከራ የሚታወቅ ነገር ምን ያህል እንደሚራራቁ ሁለት ቍልፍ ብቻ አሳየ።

አምፔር ከዚያ ሽቦን በእርሳስ ላይ እንደሚጠመጠም ክር አድርጎ ጠመጠመና ኮረንቲ አሳለፈበት። ይህ ጥምጥም ልክ እንደ ማግኔት አንደኛው ጫፉ ሰሜን፣ ሁለተኛው ደቡብ ሆነ። ሶሌኖይድ የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው። ከአራጎ ጋር ሆነው በጥምጥሙ ውስጥ የብረት መርፌ ቢያስገቡ መርፌው ማግኔት ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ አምፔር በጣም ደፋር የሆነ ነገር ተናገረ፤ ማግኔት የሚባል የተለየ ነገር በዓለም ላይ የለም፤ ማግኔት ማለት በውስጡ ኮረንቲ የሚዞርበት ብረት ነው አለ። ወዳጁ ፍሬስኔል፣ በብርሃን ጥናት የታወቀው ሊቅ፣ እንዲህ ያለ ታላቅ ኮረንቲ በብረቱ ዙሪያ ቢዞር ኖሮ ብረቱ ይሞቅ ነበርና ኮረንቲው በየጥቃቅኑ ቅንጣት ዙሪያ የሚዞር ይሁን ብሎ መከረው። አምፔርም ምክሩን ተቀበለ። ኤሌክትሮን የሚባለው ነገር ሊታወቅ ከሰባ ዓመት በላይ ሲቀረው እንዲህ ማሰባቸው ያስደንቃል፤ ምንም እንኳ የዛሬው ዕውቀት ማግኔትነት የሚመጣው በይበልጥ ከኤሌክትሮኑ ከራሱ ጠባይ መሆኑን ቢያሳይም፣ መንገዱ ትክክል ነበር።

ኮረንቲን በመርፌ መዞር ለሚለካው መሣሪያ ጋልቫኖሜትር የሚለውን ስም ያቀረበው አምፔር ነው። በሽቦና በመርፌ አማካይነት ከሩቅ ቦታ መልእክት መላክ እንደሚቻልም፣ ለየፊደሉ አንድ ሽቦና አንድ መርፌ በማድረግ፣ በዚያው በ1820 አመለከተ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ መሣሪያዎቹን የሚያሠራው ከራሱ ኪስ ነበር፤ ቤቱም ውስጥ አኑሮ ይሞክርባቸው ነበር። በየዓመቱም የኢንስፔክተርነት ሥራው ስላለበት ለወራት በየአውራጃው እየዞረ ትምህርት ቤት ሲመረምር ይከርም ነበር።

ተቃዋሚ አልታጣም። ቢዮ የተባለው የታወቀ ሊቅ ከሳቫር ጋር ሆኖ ሽቦው በማግኔት ላይ ያለውን ኃይል በ1820 መጨረሻ ለካ። እሱ ግን ሽቦው በኮረንቲው ምክንያት ለጊዜው ማግኔት ይሆናል እንጂ ማግኔት ኮረንቲ አይደለም ብሎ ተከራከረ። አምፔር የመለሰለት በሒሳብ ነው። ኃይሎች ተመዛዝነው መርፌው ወይም ሽቦው ምንም የማይነቃነቅባቸውን ሙከራዎች መርጦ፣ ከእነርሱ ብቻ በሁለት ጥቃቅን የኮረንቲ ክፍሎች መካከል ያለውን ኃይል የሚያሰላ ቀመር አወጣ። ይህ ሥራ በ1826 መጽሐፍ ሆኖ ተፈጸመ። በርእሱ ላይ ሁሉም ነገር ከሙከራ ብቻ የተገኘ ነው ቢልም፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሥዕላቸው ካለው መሣሪያዎች አንዳንዶቹን ለመሥራት ጊዜ እንዳላገኘ ራሱ ጽፏል። ይህን በማንበቤ ሰውዬውን ይበልጥ ወደድሁት። ኋላ የመጣው ታላቁ ማክስዌል አምፔርን ለኤሌክትሪክ ዕውቀት እንደ ኒውተን አድርጎ ቈጥሮታል።

ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ከእጁ አመለጠ። በ1822 በጄኔቭ ከወጣቱ ደ ላ ሪቭ ጋር ሆኖ ከመዳብ የተሠራ ቀለበት በክር አንጠልጥሎ፣ ኮረንቲ በሚያልፍበት ጥምጥም ውስጥ አደረገው። ቀለበቱ ራሱ ከባትሪ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ብርቱ ማግኔት ሲያቀርብለት ግን ቀለበቱ ተነቃነቀ። አንዱ ኮረንቲ በአጠገቡ ባለው አስተላላፊ ላይ ሌላ ኮረንቲ ሊያስነሣ እንደሚችል በዓይኑ አየ ማለት ነው። አምፔር ግን በዚያን ጊዜ የሚፈልገው የማግኔትን የውስጥ ኮረንቲ ምንነት ብቻ ስለ ነበረ፣ ያየው ነገርም ቀመሩን የሚለውጥበት ስላልመሰለው በአጭሩ ነግሮ አለፈው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1831፣ እንግሊዛዊው ፋራዴይ፣ የመጽሐፍ ጠራዥ ደቀ መዝሙር የነበረውና ከፍ ያለ ሒሳብ የማያውቀው ሰው፣ ኮረንቲ የሚነሣው ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ ወይም የመጀመሪያው ኮረንቲ ሲለወጥ መሆኑን አገኘ። በየግድቡ ላይ ያሉት ጄኔሬተሮች ሁሉ የሚሠሩት በዚህ ሕግ ነው። አምፔር በኋላ የ1822ቱን ሙከራ ቢያስታውስም ክብሩ የፋራዴይ ሆኖ ቀረ፤ በትክክልም ይገባዋል። አምፔር ሐሳቡ በጣም የተሟላ ስለ ነበረ ትርፍ ነገር የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ አላስቀረም ይመስለኛል፤ ፋራዴይ ግን ሐሳቡ ገና ክፍት ነበር።

በ1824 በኮሌዥ ደ ፍራንስ የሙከራ ፊዚክስ መምህር ሆነ። የመጨረሻዎቹ ዓመቶች በቤቱ ደስታ አልነበረባቸውም። ልጁ ዣን ዣክ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ታሪክ የታወቀ ሊቅ ሆነ፤ ነገር ግን አባትና ልጅ በአንድ ቤት ሲኖሩ ጠባያቸው አልገጠመም። ልጁ አልቢን በ1827 አንድ መኰንን አገባች፤ ባሏ ሰካራም ስለ ነበረ ጋብቻዋ መከራ ሆነባት። ደረቱን የሚያመው፣ ገንዘብም የሚያጥረው አምፔር ይህን ሁሉ እየተሸከመ በዕድሜው መጨረሻ የሰው ልጅ ዕውቀትን ሁሉ በክፍል በክፍል የሚያስቀምጥ መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። ያ በልጅነቱ የዕውቀት መዝገብን በፊደል ተራ ያነበበው ልጅ አሁን በራሱ ተራ ሊያስቀምጠው ፈለገ።

በ1836 እንደ ወትሮው ለትምህርት ቤቶች ምርመራ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄደ። ታሞ ነበረ፤ ጕዞውን ግን አላስቀረም። ጁን 10 ቀን 1836 በማርሴይ ከተማ በስድሳ አንድ ዓመቱ ሞተና በዚያ ተቀበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ዐፅሙ ወደ ፓሪስ ተወስዶ በሞንማርትር መቃብር ከልጁ ጋር አብሮ ዐረፈ።

በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የኮረንቲ መለኪያ በእሱ ስም እንዲጠራ ወሰነ። በ1948 ደግሞ መለኪያው በእሱ በራሱ ሙከራ ተወሰነ፤ ይኸውም በባዶ ቦታ አንድ ሜትር ተራርቀው ጐን ለጐን በተዘረጉ ሁለት እጅግ ረጃጅም ቀጭን ሽቦዎች መካከል በየአንዱ ሜትር 0.0000002 ኒውተን ኃይል የሚያስነሣ ኮረንቲ አንድ አምፔር ይባላል ተባለ። ይህ አወሳሰን እስከ 2019 ጸንቶ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ አምፔር የሚወሰነው በኤሌክትሮን ሙላት መጠን ነው። ፖሌሚዩ ያለው የልጅነቱ ቤት ዛሬ የኤሌክትሪክ ሙዚየም ሆኗል፤ የሐር ነጋዴው የመጻሕፍት ሣጥኑን ለልጁ የከፈተው በዚያ ቤት ነበር።